ይድረስ ለአባባ፣ መሐል ሜዳ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል አባባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ የእርስዎም ጆሮ አልሰማ እያለ ስንጯጯህ ነገሩ ጠብ ይመስላል። የጎረቤት ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ትንሿ ልጅዎ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎች ክበብ ገባች ብለው መቆጣትዎን እማዬ ነገረችኝ። «ለትምህርት ሰደድኳት እንጂ ለስብሰባ አልሰደድኳትም» አሉ አሉ። ወጣት ሰብሰብ ሲል የሚያስፈራበት ጊዜ መሆኑ አልጠፋኝም። ይሄኛው ግን ደም ለጋሾችን የሚያስተባብር ክበብ ነው።

ደሙንም ቢሆን አይስጉ። ዝም ብሎ የሚቀዳ የለም። ዕድሜዋ 18 የሞላ፣ ክብደቷ ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት። ጣቷን ወጋ አድርገው ደም ማነስ እንዳለባትና እንደሌለባት ያያሉ፤ ግፊቷን ይለካሉ። ካለፈች የሚወስዱት ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላት ብትለምናቸውም አይቀበሏትም። ደግሞ የምትማረው ነርሲንግ ነው፤ ያውም የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ባለበት ግቢ። ወልዳ ደም ለሚፈሳት እናት አንድ ከረጢት ደም ምን ማለት እንደሆነ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ይገባታል። መርፌ የሚፈራውን ተማሪ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማረጋጋትን የምትለምደው እዚያ ነው። በሌክቸር አይገኝም፤ ነገ ዋርድ ስትገባ ግን በየቀኑ ያስፈልጋታል።

በአንድ ነገር እውነት አለዎት። ክበብ የተባለ ሁሉ ክበብ አይደለም። ትምህርት ሲጀመር በየላውንጁ በር ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ቀይ መስቀል፣ በጎ አድራጎት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ፀረ ሙስና፣ ምኑ ቅጡ። ፍሬሽማን ደግሞ ያየው ሁሉ ያምረዋል። እኔ ስማር አንድ የዶርማችን ልጅ ሁሉም ጋ ተመዝግቦ ነበር። ቲሸርቱን ሰበሰበ፣ ሰርተፍኬቱን ሰበሰበ። ምን እንደሠራ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን መሥሪያ ቤታችን ሰው ሲቀጥር እንደዚያ ዓይነት ሲቪ ይመጣል። አምስት ክበብ ተደርድሯል። «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ሲባል ጣሪያ ጣሪያ ማየት ነው። አንዲት ልጅ ግን አንድ ብቻ ጽፋ መጣች። የክበቡ ገንዘብ ያዥ ነበረች። ደረሰኝ የጠፋበትን ወጪ እንዴት እንዳወራረደች ስትነግረን ጠያቂዎቹ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ሥራውን ያገኘችው እሷ ናት።

ስለዚህ እህቴን አንድ ያዢ አልኳት፤ ቢበዛ ሁለት። ግቢ ጉባኤውን ሳልነግራትም ትሄዳለች፤ እሱን መቼም እርስዎም አይቃወሙም። ከመግባትሽ በፊት ግን ጠይቂ አልኳት። በሳምንት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ፈተና ሲደርስ ያሳርፋሉ ወይ? ሒሳቡን ማን ያውቀዋል? ሲጠየቁ የሚድበሰበሱ ከሆነ ይቅርብሽ። አንደኛ ዓመት ላይ ሆኖ ለሊቀመንበርነት መሮጥም ምን ያደርጋል? ትምህርቱ ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃለች። የመውጫ ፈተናው 50 ከመቶ ይፈልጋል፤ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

እርስዎስ ቢሆኑ አባባ? የእድሩ ዳኛ፣ የማኅበሩ ሙሴ ነዎት። የወላጅ ኮሚቴ ይግቡ ሲሉዎት «ሁለቱ ይበቃኛል፣ መሬቴ ጦም ሊያድር ነው» ብለው እምቢ አላሉም? እሷም እንዲሁ ትምረጥ ነው የምለው። እድሩን ይተዉ ያለዎት ሰው የለም።

እሑድ ትደውልልዎታለች። በቁጣ አይጀምሩ። «ስንት ሰው ደም ሰጠ?» ብለው ይጠይቋት፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን የምታወራው እሷው ናት። ብርዱንም አያስቡባት፤ የመሐል ሜዳ ልጅ በደብረ ብርሃን ብርድ አትደነግጥም።

የግፊት መድኃኒትዎ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ይንገሩኝ። በመኪና የሚመጣ ሰው አላጣም። እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ