ሰልፉን ማን አደራጀው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጥቁር አሜሪካውያን ለሥራና ለእኩል መብት ያካሄዱትን የ1963ቱን (እ.ኤ.አ.) የዋሽንግተን ሰልፍ ያስታወሳችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩ። ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው የተነሣው ስም አንድ ብቻ ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚገባቸውን ክብር ማንም አይነፍጋቸውም። ነገር ግን ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ሰው አንደበት ብቻ አደባባይ አይወጣም። ኪንግ ራሳቸውም መሪ የሆኑት ሕዝቡ ከተነሣ በኋላ ነው።

ማስረጃው በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ የተደረገው የአውቶቡስ አድማ ነው። በአውቶቡስ መቀመጫቸውን ለነጭ አልለቅም ያሉት ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሐሙስ ማታ ሲታሰሩ፣ ዋስ ሆነው ለማስፈታት የሮጡት ኢ ዲ ኒክሰን የባቡር አስተናጋጅ ነበሩ። የዚያኑ ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ የኮሌጅ መምህርት ከአንድ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር በኮሌጁ ማባዣ ማሽን የአድማ ጥሪ ሲያትሙ አደሩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አርብ ዕለት በትምህርት ቤት፣ በሱቅና በፀጉር ቤት በኩል ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ሰኞ ጥቁር ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ቀረ። የ26 ዓመቱ ፓስተር ኪንግ የአድማው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

አድማው 381 ቀን ቆየ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሥራው የሚመላለስባቸው መኪኖች ቤንዚን ይፈልጉ ነበር። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ወጥ ሠሪ፣ ሌሎች ሴቶችን አሰባስበው የተጠበሰ ዶሮና ኬክ እየሸጡ ገንዘቡን በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ ያስረክቡ ነበር። ለቡድናቸው «የትም የሌለ ክበብ» የሚል ስም ሰጡት፤ የሴቶቹ ማንነት ቢታወቅ ነጭ አሠሪዎቻቸው ያባርሯቸዋልና። ጊልሞር ራሳቸው ኪንግ በአድማው ምክንያት በተከሰሱበት ችሎት መስክረው ሥራቸውን አጥተዋል። እኔ እኚህን ሴት ከመሪዎቹ ተርታ አሰልፋቸዋለሁ።

የዋሽንግተኑ ሰልፍ ሐሳብም ቢሆን የቆየ ነው። የባቡር መኝታ ክፍል አስተናጋጆችን በማኅበር ያደራጁት ኤ ፊሊፕ ራንዶልፍ በ1941 መቶ ሺህ ጥቁሮችን ዋሽንግተን አመጣለሁ ብለው አስጠነቀቁ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰልፉ ሳይደረግ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ቅጥር የዘር መድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ። ዛቻው የተፈራው ከጀርባው ለዓመታት የተገነባ የሠራተኞች ማኅበር ስለነበረ ነው። በ1963 ሰልፉን በሁለት ወር ገደማ አሰናድተው ያደረሱት የራንዶልፍ ምክትል ባያርድ ረስቲን ናቸው፤ ከአውቶቡሱ አንሥቶ እስከ ድምፅ ማጉያውና እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ አስበውበታል። በአዘጋጅ ኮሚቴው የነበሩት ብቸኛ ሴት አና አርኖልድ ሄጅማን ደግሞ ከዋና ተናጋሪዎቹ መካከል አንዲትም ሴት አለመኖሯን ተቃውመው ነበር። ሰሚ አላገኙም፤ ይህ የእንቅስቃሴው ጉድለት ነውና ሊጻፍ ይገባል።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። ጣሊያን በ1935 አገራችንን ስትወር በኒው ዮርክ የሃርለም ሰፈር ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ተሰልፈዋል። በ1965 የዜግነት ኮታን የሻረው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣውም እንቅስቃሴው አገሪቱን ባንቀሳቀሰበት ወቅት ነው። ብዙዎቻችን እዚህ አሜሪካ የገባነው በዚያ በተከፈተው በር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በ1963 ሃያ ዓመት የነበረው ሰልፈኛ ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከእኛ ቤተሰቦች ጋር ጎረቤት ሆነው የሚኖሩ እንዲህ ያሉ አረጋውያን አሉ። ጋዜጠኞቻችሁን ወደ እነርሱ ላኩ፤ ምሳ ማን እንደቋጠረ፣ የአውቶቡሱን ኪራይ ማን እንደሰበሰበ ጠይቃችሁ በአማርኛ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ