ለልጄ፣ ከቡድን ፕሬዘንቴሽኑ በፊት

ውድ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «አራት ነን፣ ስላይዱን ተከፋፍለናል፣ አለቀ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኛም እንዲሁ ተከፋፍለን ገባን። አንዱ ስለ ወጪ፣ ሌላዋ ስለ ጊዜ፣ እኔ ስለ ጥራት አወራን። ስንጨርስ አንድ ሰውዬ «እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትሉት?» አለን። እርስ በርስ ተያየን።

ስላይዱን ለጊዜው ተዉትና በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማሙ። የእናንተ «የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም» ርዕስ ነው። «ቤተ መጻሕፍቱ በፈተና ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ይሁን» ግን አቋም ነው። ይህንን የማይደግፍ ነገር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይውጣ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ክርክርን ሲፈታታው፣ በአቋምና በማስረጃ መካከል አንድ ማገናኛ፣ ማለትም ማስረጃው አቋሙን ለምን እንደሚደግፍ የሚናገር ሐሳብ፣ እንዳለ አሳይቷል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው። «ማታ ማታ ወንበሩ ሁሉ ይሞላል» ትያለሽ እንበል። ጥሩ ማስረጃ ነው። ግን ታዲያ ለምን ወንበር አይጨመርም? ሰዓት መጨመሩ ለምን እንደሚሻል ካልነገራችሁ፣ አድማጩ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

ተቃውሞውንም አትሸሹት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ወታደሮች ሁለት ዓይነት የሬዲዮ ንግግር አሰምተው ነበር። አንደኛው የራሱን ወገን ብቻ ያወራል፣ ሌላው የተቃራኒውንም ያነሳል። ሐሳቡን ከመጀመሪያው ላልተቀበሉት ሁለተኛው፣ ቀድሞውኑ ለተስማሙት ደግሞ አንደኛው የተሻለ ሠራ። እናንተ የምታሳምኑት ስለ ጥበቃና ስለ መብራት ወጪ የሚጨነቅ ሰው ነው አይደል? እንግዲያው ወጪውን ራሳችሁ አንሱት፣ እሱ ሳይጠይቅ። ትክክል የሆነበትን ቦታም እመኑለት። ይህን ክፍል ከመካከላችሁ በጥያቄ የማይደነግጠው ይውሰደው። በመጨረሻ «ይህ ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ መዝጊያ ግን አይሁን።

ሌላው መቀባበሉ ነው። «ቀጥሎ እገሌ ያቀርባል» ማለት ማይክ ማቀበል ብቻ ነው። «ችግሩን አይታችኋል፣ መፍትሔው ስንት እንደሚያስወጣ ደግሞ እሱ ያሳያችኋል» ብትዪ ክሩ አይበጠስም።

ዓረፍተ ነገሩን ዛሬ ማታ ላኪልኝ። ስላይዱ ይቅርብኝ፣ በቀለሙ ስትጨቃጨቁ እንደምታመሹ አውቃለሁ።

አባትሽ