ግሡ እስኪመጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ ትርጉም ሥራ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ሁለት ቋንቋ የሚችል ሁሉ ያስተረጉማል» የሚለውን አንብቤ ቡናዬን ሳልጨርስ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። 14 ዓመት በየስብሰባው፣ ተናጋሪው እየተናገረ ሳለ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ ሳስተረጉም ቆይቻለሁ።

አምና የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ተናጋሪ «ቢሮው ከወረዳዎች የቀረበለትን የማሻሻያ ሐሳብ፣ ባለሙያ መድቦ፣ ሁለት ወር ሙሉ አስጠንቶ፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ተወያይቶበት...» እያሉ ይቀጥላሉ። እንግሊዝኛው ድርጊቱን ቶሎ ይፈልጋል፤ አማርኛው ግሡን እስከ መጨረሻ ደብቆ ያቆያል። ይህን ያህል የተለፋበት ሐሳብ መቼም አይወድቅም ብዬ «ተቀብሎታል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ለቀቅኩት። ሰውዬው ትንፋሽ ወሰዱና «አልተቀበለውም» አሉ። «አል...ም» የሚለው ማፍረሻችን እንኳ ከግሡ ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው! አርሜ እስክናገር ሁለት ዐረፍተ ነገር አመለጠኝ፤ ፊት የተቀመጡት እንግዶች ደግሞ የመጀመሪያውን ጽፈው ጨርሰዋል።

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዳንኤል ዢል እንደሚለው፣ አስተርጓሚ በአንድ ጊዜ ያዳምጣል፣ የሰማውን በአእምሮው ይይዛል፣ ይናገራል፣ ሦስቱንም ያቀናጃል። አቅሙ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሸክም ከተጨመረበት አንዱ ይፈስበታል። በገመድ ላይ ከሚሄድ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ግሥ በሚያዘገዩት በጀርመንኛና በጃፓንኛ ላይም ብዙ ተጠንቷል። ስለ አማርኛ እጄ የገቡት የመመረቂያ ጽሑፎች ግን አብዛኞቹ ያለቀ ትርጉም ይዘው ስህተት የሚለቅሙ ናቸው። ወጡ ከወረደ በኋላ ጨው በዛ ማለት ማንን ያቅታል? ምድጃው አጠገብ ቆሞ ያየን ግን የለም።

አጥኚዎቹ ቢቆሙ ብዙ ያያሉ። ተናጋሪው «በ2015» ሲሉ እኔ ወሩን ካልያዝኩ 7 ልደምር ወይስ 8? መስከረም ከሆነ በፈረንጆቹ 2022፣ መጋቢት ከሆነ 2023 ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ደግሞ 9 ይሆናል። ይህን ሁሉ ሳሰላ ማንም ቆሞ አይጠብቀኝም። ዕድሜ በቡዙ (አስተርጓሚዎች በምንቀመጥባት ጠባብ ክፍል) ውስጥ አብረውኝ ለሚሠሩት ባልደረባዬ ለጋሼ፣ ቁጥሩን በትልቁ ጽፈው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ ያደርጉልኛል። በየ20 እና 30 ደቂቃው የምንፈራረቀው ለቅንጦት አይደለም። አዘጋጆች ግን በጀት ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚቀንሱት እሳቸውን ነው። «ተቀብሎታል» ያልኩ ዕለትም ብቻዬን ነበርኩ፤ ማይኩን ከያዝኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ነበር።

የጽሑፍ ትርጉምም የራሱ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮፐንሃገን የተሠራ ትራንስሎግ የሚባል ፕሮግራም ተርጓሚው የነካውን እያንዳንዱን ቁልፍ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ረዘም ያለ ፋታ ከታየ ተርጓሚው የከበደው ነገር አለ ተብሎ ይገመታል። ይህን እንዳለ ወደ እኛ ፊደል ማምጣት ግን ያሳስታል። እኔ በምጽፍበት ኪቦርድ «ሙ» ብቻዋን ሁለት ምት ናት። ደግሞም «ሐሳብ» ስጽፍ የምቆመው ሐሳቡ ከብዶኝ አይደለም፤ የትኛው «ሀ» እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው። ይህን ከውጭ የመጣ መለኪያ ከየት ያውቀዋል? ከእኛው የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች የሚወጣ ሰው ነው ሊለየው የሚችል።

ስለዚህ ትምህርት ክፍሎቹ አንድ ተማሪ ከነመቅረጫው ቢልኩልን ቡዙ ውስጥ ትርፍ ወንበር አለ። አዘጋጆቹን እኔ አስፈቅዳለሁ። ጋሼም ተስማምተዋል፤ «ብቻ ጆሮ ማዳመጫዬን እንዳይነካብኝ» ብለዋል።

አስተርጓሚዋ
ከአዲስ አበባ