የአይጧን ጽፋችሁ የሰውን ረሳችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ባለፈው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የተጎዳ አንጎል ይጠግናል፣ የማስታወስ ችሎታ ይመልሳል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እማዬ በመቀስ ቆርጣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። አይፈረድባትም። ታናሽ ወንድሜ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ነፍሱ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሻይ ሲቀርብለት ስኳር ይጨምራል፣ ያማስላል፣ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ይጨምራል። በየአስር ደቂቃው «ሞተሯን ቆልፌያታለሁ?» ይለኛል። ሞተሯ ብረቷ ለቁራሌው ከተሸጠ ወራት አልፏል።

እናላችሁ እማዬ ቁራጯን ይዛ ደሴ ወጣች፣ ፒያሳ ላይ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስትዞር ዋለች። አንዷ ባለሙያ አነበበችና «እማማ፣ ይሄ እኮ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዝ ነው፣ ልጅዎ ወንድ አይደል እንዴ?» አለቻት።

ለነገሩ እሱም ግማሽ እውነት ነው። ፕሮጄስትሮን የወንድም አንጎል ውስጥ ይሠራል። ነገሩ የተጀመረው ዶናልድ ስታይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አንጎላቸው የተጎዳ ሴት አይጦች ከወንዶቹ በተሻለ ሲያገግሙ ልብ ብሎ ነው። ሆርሞኑ ከፍ ያለባቸው አይጦች አንጎላቸው ያን ያህል አያብጥም። ወንዶቹም ሲወጉት ተሻላቸው፣ መንገድ በማስታወስም ካልተወጉት በለጡ። በፈረንጆቹ 2007 ደግሞ 100 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጠ። እናንተ እዚህ ላይ ብዕራችሁን አስቀመጣችሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተደረጉ፣ አንዱ በ882፣ ሌላው ወደ 1,200 በሚጠጉ ጭንቅላታቸውን በተመቱ ሰዎች ላይ፣ ግማሾቹ ሆርሞኑን ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ በደም ሥራቸው እየወሰዱ፣ እና ውጤቱ በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ሲወጣ ምንም ልዩነት የለም። ያውም አደጋው በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ተጀምሮላቸው ነው። የኛ ልጅ ወራት አልፎታል።

አይጧን ላቦራቶሪ ውስጥ በልክ ነው የሚመቷት፣ ሁሌ አንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት። ሐረጎ ማንን በልክ መትቶ ያውቃል? አንዱ ይደማል፣ አንዱ ያብጣል፣ የሌላው የነርቭ ክር ይበጠሳል። አንድ መርፌ ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?

«ሆርሞን እኮ ከሰውነት የሚወጣ ነገር ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚሉ ጎረቤቶችም አሉን። ኧረ ተዉ! ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከሰውነት የሚወጣው የኮርቲሶል ሆርሞን ዘመድ የሆነ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ነው። ለጭንቅላት ጉዳት ስንት ዓመት ሲሰጥ ኖሮ፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲፈተሽ የሟቹን ቁጥር ከፍ አድርጎ ተገኘ። ይህ የታወቀው በፈረንጆቹ 2004 ነው።

ስለ ሆርሞን ከተነሳ አይቀር ሌላ የምትጽፉት ነበራችሁ። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታህል ዕጢ አለች፣ ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዘው እሷ ነች። ጭንቅላት ሲመታ እሷም ልትጎዳ ትችላለች። ያኔ ድካሙም መርሳቱም ድብርቱም «ከአደጋው ነው፣ ይለቀዋል» እየተባለ ይታለፋል። በደም ምርመራ ግን ይታወቃል፣ የጎደለውም ሆርሞን ይተካል። እኛም ሐኪም ጠይቀን ነው የሰማነው፣ ወንድሜ ቀጠሮ ይዟል። ፋርማሲ ለፋርማሲ ከመዞራችን በፊት ጋዜጣችሁ ላይ አንብበነው ቢሆን እማዬ ያን ቀን ደሴ ባልተንከራተተች።

ስለዚህ ቀሪውንም አውጡልን፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል። እማዬ እሱንም ቆርጣ ትቋጥረው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ