በቃላንዲያ ኬላ ስለሚቆሙ ሕሙማን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ስለ ዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚወጡት ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በግጭቱ ላይ ስለሆነ፣ የነዋሪውን የዕለት ተዕለት ኑሮ አስሮ ስለያዘው የእንቅስቃሴ ገደብ ጥቂት ለማለት ወደድሁ።

ከራማላ ኢየሩሳሌም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ነገር ግን የዳርቻው መታወቂያ የያዘ ፍልስጤማዊ በጥቅሉ የእስራኤል ወታደራዊ አስተዳደር ፈቃድ ካልሰጠው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የቃላንዲያን የፍተሻ ኬላ አያልፍም። ለፍልስጤማውያን የካንሰር ጨረር ሕክምና የሚሰጠው የኦገስታ ቪክቶሪያ ሆስፒታል የሚገኘው ደግሞ ከኬላው ወዲያ፣ ለኢየሩሳሌም ተሳላሚዎቻችን እንግዳ ባልሆነው በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ታማሚው ሐኪም ከማግኘቱ በፊት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ በአምቡላንስ የመጣ እንደሆነም፣ የፍልስጤም ሰሌዳ ያለው መኪና ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ በቃሬዛ ወርዶ ወደ ሌላ አምቡላንስ ይዛወራል። ደቂቃ ለሚቆጠርለት ሕመምተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እስራኤል ኬላው ያለበትን የመለያ ግንብ እ.ኤ.አ. በ2002 መገንባት የጀመረችው ከአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት ለመከላከል እንደሆነ ትገልጻለች፤ ጥቃቱም ብዙ ሲቪሎችን የገደለ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ እስራኤል በያዘችው የፍልስጤም ግዛት ውስጥ የሚያልፈው የግንቡ ክፍል ዓለም አቀፍ ሕግን እንደሚጥስ ገልጿል። በጦርነት ጊዜ ሲቪሎችን ስለመጠበቅ የሚደነግገው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነትም በአንቀጽ 56 የሕክምና አገልግሎትን የማስጠበቅ ግዴታ የጣለው ግዛቱን በያዘው ኃይል ላይ ነው።

ዝግጅት ክፍላችሁ በቀጣይ ዘገባው ይህንን የሕሙማን ጉዳይ እንዲመለከትልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ