ከአላስካ መርከብ ወርዶ አንድ ቀን በሲያትል

ውድ አባላት፦

ከአላስካ ጉዞ በጠዋት ሲያትል ደርሳችሁ በረራችሁ ማታ ከሆነ፣ ቀኑን አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣችሁ አታሳልፉት።

መጀመሪያ ሻንጣው። ፖርት ቫሌት የተባለው ነፃ አገልግሎት ሻንጣችሁን ከመርከቡ ተቀብሎ በቀጥታ ለበረራችሁ ያስረክባል። አየር መንገዱ ለሻንጣ የሚያስከፍለው ግን አይቀርም። አየር መንገዳችሁ በአገልግሎቱ መታቀፉን አረጋግጡና መርከቡ ላይ እያላችሁ ተመዝገቡ። ብዙ ሰው የሚቸገረው በዋዜማው ምሽት ሻንጣውን ከመርከቡ ክፍሉ በር ላይ ሲያወጣ መድኃኒቱንና ፓስፖርቱን ከውስጡ ስለሚረሳ ነው፤ እነሱን በእጅ ቦርሳ ያዙ።

መርከቦቹ የሚቆሙት ፒር 66 ወይም ፒር 91 ነው። የሚቀበላችሁ ዘመድ ካለ ቁጥሩን ንገሩት፤ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ከ66 እስከ ፓይክ ፕሌስ ገበያ በእግር ይደረሳል፤ ከ91 ታክሲ ያስፈልጋል። በ1907 የተከፈተው ይህ ገበያ ሲረፋፍድ ስለሚጨናነቅ በጊዜ ግቡ።

ቀጥሎ ከኮልማን ዶክ የጀልባ ጣቢያ ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት የሚሄደውን ጀልባ ተሳፈሩ፤ 35 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እግረኛ የሚከፍለው ሲሄድ ብቻ ነው፣ መመለሻው ነፃ ነው። ሲነሳ ከኋላው ሰገነት ላይ ቁሙ፦ ከተማው በሙሉ፣ ሰማዩ ከጠራም የሬኒየር ተራራ ይታያችኋል። በእኛ እይታ ስፔስ ኒድል የተባለው ማማ ላይ ከፍሎ ከመውጣት ይህ ይበልጣል።

የመርከብ ምግብ ለሰለቸው ቼሪ ጎዳና ላይ የአበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከዌስትሌክ ጣቢያ ባቡር ያዙ፤ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከባቡሩ ወርዳችሁ እስከ ተርሚናሉ ረዘም ያለ የእግር መንገድ ስላለ፣ አረጋውያን ካሏችሁ ተጨማሪ 15 ደቂቃ ያዙ።