ለቴልማ ሪተርም አንድ ገጽ ስጧት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የጥበብ ገጻችሁን አንድም ሳምንት አላልፈውም። ግን ሁሌም የምታወሩት ስለ መሪ ተዋንያን ነው። እኔ ዛሬ ስለ አሜሪካዊቷ ረዳት ተዋናይት ቴልማ ሪተር ልንገራችሁ።

በ1902 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ መድረክ ላይ ነበረች፤ ልጆቿን ለማሳደግ ብላ ከሙያው ራቅ አለች። ፊልም ላይ ብቅ ያለችው በ1947 ነው፤ ስሟ እንኳን አልተጻፈላትም። ከዚያ 6 ጊዜ ለኦስካር ታጨች፣ ሁሉም በረዳት ተዋናይትነት። አንዱንም አልወሰደችም! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መድረኩ ግን አልረሳትም፤ በ1958 የአሜሪካ ቴአትር ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን፣ አገኘች።

በ1953ቱ «ፒክአፕ ኦን ሳውዝ ስትሪት» ፊልም ከረባት እየሸጠች ለፖሊስ የምትጠቁም ሴት ናት። ገንዘብ የምታጠራቅመው ለመቃብሯ ነው። አንድ ማታ ድክም ብሏት ቤቷ ትገባለች። የሙዚቃ ሸክላ ታጫውታለች። ገዳዩ እዚያው አለ። አትጮኽም፣ አትለምነውም። አልጋዋ ላይ ሆና ስለ ድካሟ ታወራዋለች፤ ልክ ሊጠይቃት እንደመጣ ጎረቤት። ካሜራው ወደ ሸክላው ይዞራል። ተኩሱን እንሰማለን እንጂ አናይም። ስንቴም ባየው ሳግ ይተናነቀኛል።

«ሪር ዊንዶው» ላይ ደግሞ ነርስ ናት። እግሩ የተሰበረው ሰውዬ ቁርሱን ሊበላ ሲል፣ ሚስቱን ገድሏል ብለው የጠረጠሩት ጎረቤት ሬሳዋን የት እንደቆራረጠ መላምቷን ታወራለታለች። የሰውዬው ፊት ሲለዋወጥ እሷ ምንም አይመስላት።

አደራ፣ አንድ ገጽ ስጧት። የመሪዎቹ ፎቶ ለአንድ ሳምንት ይቆይ።

የዘወትር አንባቢያችሁ